በእኔ ቁመት የተቆፈረው ጉድጓድ

እኔ በዚህ ከተማ ለሜትር በመሟገት የምታወቅ ሰው ነኝ። ሸዋ ሮቢት ገበያው ዳር ጨርቅ እሸጣለሁ፤ አቡጀዲ፣ ሽርጥ፣ የመጋረጃ ጨርቅ፣ የተማሪ ዩኒፎርም። ሱቁን ከአባቴ ስረከብ ጨርቅ በክንድ ለክቶ የሚገዛውንም ደንበኛ አብሬ ተረከብኩ። በክንድ መሸጥ ምን እንደሆነ ያልነገደበት ሰው አይገባውም። ገዢው ብቻውን አይመጣም። ከዘመድ አዝማዱ መሃል ክንደ ረጅሙን መርጦ፣ ካስፈለገም ከሩቅ አስጠርቶ፣ ይዞት ይመጣል። ያ ሰው ስለ ጨርቁ ግድ የለውም፤ ቀለሙን እንኳ አያይም። ክንዱን አውጥቶ ይለካል፣ ሻይ ይጋበዛል፣ ይሄዳል። አንዱማ ክንዱ እጅግ ከመርዘሙ የተነሳ መንደሩ ሁሉ እየተዋሰ ያመጣው ነበር። በሱቄ በር ብቅ ሲል ከጨርቁ በፊት እኔ እጠቀለላለሁ።

በራሴ ክንድ ልለካ እንዳልል፣ ክንዴ አጭር መሆኑን አገር ያውቃል። ክንዴ ብቻም አይደለም፤ ከእግር እስከ ራሴ ሲታይ የተሠራሁት በቁጠባ ነው። ስለዚህ የብረት ሜትር ገዝቼ ጠረጴዛዬ ላይ አጋደምኩና፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሱቅ ውስጥ የሰው አካል መለኪያ አይሆንም ብዬ አወጅኩ። ደንበኛ ለጥቂት ጊዜ ሸሸኝ። በኋላ ሌሎቹም ነጋዴዎች ሜትር ሲይዙ መሸሻ አጣና ተመለሰ። እኔም ክርክሩ በእኔ አሸናፊነት ያበቃ መሰለኝ።

ይህን ማውራቴ ለጉራ አይደለም። የሰው አካል መለኪያ አይሆንም ያለው ሰውዬ፣ ራሱ መለኪያ ሆኖ በገመድ ታስሮ ጉድጓድ እንዴት እንደወረደ እንዲገባችሁ ነው።

ከጋሽ ሰይድ ጋር የሚለየን አንድ አጥር ነው። ማሾና ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከዕድሜ ጋር ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ፀሐይ እንዳይመታቸው ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሽማግሌ። በሰፈራችን የቧንቧ ውኃ ሲያሰኘው ይመጣል፤ ሳያሰኘው ደግሞ ሳምንት ይቀራል። ሙቀቱ ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። የኔ ባለቤት አልማዝና የጋሽ ሰይድ ባለቤት እትዬ ዘሐራ ጀሪካን ተሸክመው መንከራተት ሲሰለቻቸው፣ በአጥሩ ላይ ተነጋግረው ወሰኑ፤ አጥሩ መሃል ላይ ተከፍቶ ለሁለታችንም የሚሆን አንድ ጉድጓድ ይቆፈራል። እኔና ጋሽ ሰይድ የሰማነው ከተወሰነ በኋላ ነው። የቀረልን ሥራ ቆፋሪ መፈለግና መስማማት ብቻ ነበር። ቆፋሪ መፈለጉ አላስቸገረም።

ደምሴ የቀወት ገጠር ልጅ ነው፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ትከሻው የበር ያህል የሰፋ፣ ቁመቱ ደግሞ የኔን ቤት ጣራ የሚያስፈራራ። መሬቱን በእግሩ መታ መታ አደረገና ውኃ አለ አለ። ደስ አለን። ከዚያ ሂሳቡ በቁመት ነው አለ። የሰው ቁመት ማለቱ ነው፤ አንድ ሰው ቆሞ የሚደርስበትን ያህል በቆፈረ ቁጥር አንድ ብሎ ይቆጥራል።

እኔ ሳቅኩ። በዚህ ዘመን በሰው ቁመት የሚቆፈር ጉድጓድ የለም፣ በሜትር ነው የምንዋዋለው፣ ሜትሩንም እኔ አመጣለሁ አልኩ። ደምሴ በሜትር ቆፍሮ እንደማያውቅ ተናገረ። ጋሽ ሰይድ የሚደግፉኝ መስሎኝ ዞር ብዬ ባያቸው፣ ሜትር ለጨርቅ እንጂ ለጉድጓድ እንዳልተፈጠረ፣ የአባታቸውም ጉድጓድ በቁመት ተቆፍሮ እስከ ዛሬ ውኃ እንዳልከለከለ ለደምሴ ወግነው እያስረዱ ነው።

ቅዳሜን ሙሉ በዚሁ ዋልን። ሰፈርተኛውም አላፊ አግዳሚውም ሐሳብ ሰጠ። ሜትር የማያደላ መለኪያ ነው፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ አንድ ነው እያልኩ አስረዳሁ። ደምሴ ደግሞ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ቢወድቅ ማወቅ የሚያስፈልገው ስንት ሜትር እንደወረደ ሳይሆን ስንት ሰው ቢደራረብ እንደሚያወጣው ነው አለ። ጋሽ ሰይድ ግን ነገሩን በአጭሩ ቋጩት።

«በሜትር ከተቆፈረ ያንተ ጉድጓድ ነው» አሉኝ። «ሜትሩን የምታነበው አንተ፣ የምትነግረን አንተ። በቁመት ከሆነ ግን የሁላችንም ነው፤ ቁመት የሌለው ሰው የለም።»

ክርክሩን በአንድ ጥያቄ የምዘጋ መሰለኝና፣ እሺ ቁመት ይሁን፣ ግን የማን ቁመት አልኩ። መልስ የሌለው ጥያቄ ያቀረብኩ መስሎኝ ነበር። መልስ አላጣም፤ ሦስት ነበረው። ጋሽ ሰይድ የራሳቸውን ቁመት አቀረቡ። አልማዝ የሚቆፍረው እሱ ስለሆነ የደምሴ ይሁን አለች። ደምሴ የኔን መረጠ።

ነገሩ ላሰበበት ቀላል ነው። መለኪያ የሚሆነው ሰው ባጠረ መጠን የቁመቱ ቁጥር ይበዛል፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ቆፋሪው ይጠቀማል። ደምሴ ገና በበሩ ሲገባ እኔን ከላይ እስከ ታች ሲያየኝ አክብሮት መስሎኝ ነበር። በራሱ ቁመት እንዲለካ ሲጠየቅ፣ ሠራተኛ የራሱን ሥራ በራሱ አይለካም ብሎ በትሕትና እምቢ አለ። በጋሽ ሰይድ ቁመት ይሁን ሲባል ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ጋሽ ሰይድ፣ እንዲሁ እንዳሉ ነው ወይስ ቀና ብለው?» ሲል ጠየቀ። በአክብሮት የተጠየቀ ጥያቄ ነው። ጋሽ ሰይድ ግን ጃንጥላቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ እስኪመለሱም ብዙ ቆየን።

መፍትሔውን ያመጡት እትዬ ዘሐራ ናቸው። የታጠበ ልብስ ለማስጣት ሲያልፉ ሰምተው፣ አጭሩ እጁን ወደ ላይ ይዘርጋና ይገላግላችሁ አሉ። አጭሩ ማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ደምሴ ትንሽ አንገራገረና ተስማማ፤ ጋሽ ሰይድም ተስማሙ፤ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። ሰው ተሰብስቦ እያየ ከግድግዳ ጋር ተጣብቄ እጄን ሰቀልኩ። ደምሴ የባሕር ዛፍ እንጨት አምጥቶ ከተረከዜ እስከ ጣቴ ጫፍ ለክቶ ቆረጠ። ለሰርጌ ሱፍ ሲሰፋልኝ እንኳ እንዲያ ተጠንቅቆ የለካኝ አልነበረም። አልማዝ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ እጅህ ባይኖር ምን ይውጥህ ነበር አለችኝ።

ቁፋሮው ተጀመረ፤ ሠመረም። ደምሴ ጠዋት ጠዋት ይገባል፤ አፈሩ በባልዲ ይወጣል፤ ማታ እንጨቱን ይዘን እንለካለን። በማንለካበት ሰዓት እንጨቱ ከጉድጓዱ አጠገብ መሬት ላይ ተተክሎ ይውላል ያድራል። የምናውቃቸው ሰዎች ሲመጡ አልማዝ እንጨቱን እያሳየች፣ ይኼ እሱ ነው ትላቸዋለች። አንዳንዶቹ ከኔ ይልቅ እንጨቱን ያከብሩ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሰይድ እንጨቱን ትኩር ብለው አዩትና እጄን እንድሰቅል አዘዙኝ። ሰቀልኩ። እንጨቱን ከጎኔ አቆሙት። ጣቶቼ ከእንጨቱ በላይ ተርፈው አየር ላይ ቀሩ፤ ስንዝር ያህል ጎድሏል። ደምሴ ፊቱ ሳይለወጥ እንጨት እንደማያጥር፣ ሰውዬው ረዝሞ እንደሚሆን ተናገረ። እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ጊዜ ይህን ሐሳብ ወድጄው ነበር። ጋሽ ሰይድ ግን እንጨቱን ገልብጠው መሬት ውስጥ የነበረውን ጫፍ አሳዩን። ምስጥ በልቶታል። የቆላ ምስጥ በር ይበላል፣ ምሰሶ ይበላል፤ መለኪያ ሲበላ ግን የዚያን ቀን አየሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ሊገምት ይችላል። ምስጡ መቼ መብላት እንደጀመረ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያዎቹ ቁመቶች ሙሉ ይሁኑ የተበሉ፣ የትኛው በየትኛው እንደተለካ አልታወቀም። ጋሽ ሰይድ ብዙው በጎደለው ነው የተቆጠረው አሉ፤ ደምሴ ምስጥ የገባው ትናንት ነው አለ። እኔ ደግሞ አፌን መግታት አቅቶኝ ብረት ሜትር ምስጥ አይበላውም አልኩ። እውነት ነበር፤ ግን ለዚያ ሰዓት የሚሆን እውነት አልነበረም። ደምሴ ዶማውን ጥሎ ወጣ። ጋሽ ሰይድ ከኔ ጋር መነጋገር አቆሙ። በሱቄ ፊት ሲያልፉ ፀሐይዋ በቀኝ ሆና ሳለ ጃንጥላውን በግራ፣ ወደ እኔ በኩል ያዘነብሉታል። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርክ ሲሉኝ ኖረዋል፤ ያ ድምፅ ሲቀር ሱቁን የከፈትኩት አይመስለኝም ነበር። ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ በመሃላችን ቀረ።

ሴቶቹ አሁንም በአጥሩ ክፍት ይገባሉ ይወጣሉ። ከነሱ በኩል የመጣው ውሳኔ ጉድጓዱ ከላይ ጀምሮ እንደገና ይለካ የሚል ነበር፤ ደምሴም ተጠርቶ መጣ። ሌላ እንጨት ከኔ ቁመት እንቁረጥ ሲባል ጋሽ ሰይድ ከጃንጥላቸው ስር ሆነው ተናገሩ።

«እንጨት አንዴ ከድቶናል» አሉ። «አሁን ዋናው ራሱ ይግባ።»

ዋናው እኔ ነኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ ለሰላም ስል ነው ብዬ ተቀበልኩ። ኪሴ ውስጥ ግን ተጠቅላይ ሜትር ከትቻለሁ። አንዴ ታች ከደረስኩ ጥልቀቱን በሜትር ለክቼ ወጥቼ ለሁሉም ላሳያቸው ነው ሐሳቤ።

ገመድ አምጥተው ከጉድጓዱ አጠገብ ባለው የኒም ዛፍ ግንድ ላይ አዞሩት። ሁለት የሰፈር ጎረምሶች ያዙት፤ ጋሽ ሰይድ አዛዥ ሆኑ። እኔ ትንሽ ጣውላ ላይ ተቀምጬ፣ ወገቤ ታስሮ፣ ቀኝ እጄን እንደ ተማሪ አውጥቼ ወረድኩ። በየደረጃው እግሬን ዘርግቼ እንጠለጠላለሁ። ደምሴ ግድግዳው ላይ በሠራቸው መርገጫዎች ከኔ በታች እየወረደ፣ ተረከዜ የደረሰበትን በቢላ ይጭራል። ከዚያ የጣቴ ጫፍ ጭረቱ ጋ እስኪደርስ ይለቁኛል፤ እንደገና ይጭራል። እንዲህ እያልኩ ራሴን በራሴ ላይ እየደረብኩ ወረድኩ። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ የአሸዋው ንብርብር ጋ ስንደርስ ጓል ወድቆ ትከሻዬን መታኝ። ወደ ታች ስንዘልቅ ግን ቅዝቃዜ መጣ። ላቤ ደረቀ። በዚያ ቀትር ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከኔ የተሻለ የተመቸው ሰው የነበረ አይመስለኝም።

እግሬ መሬት ሲነካ የመጨረሻው ጭረት አገጬ ጋ ዋለ። ሙሉ ቁመት አልሆነም፤ ግማሽም አልሆነም። ደምሴ ወደ ላይ አንጋጥጦ ሙሉ ነው ብሎ ተጣራ። ጋሽ ሰይድ ግማሽ ነው ብለው መለሱ። ደምሴ ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንደማያስረዳ ሲያውቅ ለማስረዳት ወጣ። እኔ ልከተለው አልቻልኩም፤ መርገጫዎቹ የተቆፈሩት በሱ እግር ልክ ነው። ከላይ ጥቂት ጭቅጭቅ ተሰማኝ፤ ከዚያ ድምፃቸው ራቀ። በኋላ እንደሰማሁት ከጉድጓዱ አፍ ፈቀቅ ብለው፣ አገጭ የሰው ምን ያህሉ እንደሆነ አፈር ላይ እየሣሉ ይከራከሩ ነበር።

ብቻዬን ስሆን ሜትሬን አወጣሁ። ጫፉን የምይዝበትን ቦታ ላስተካክል ብዬ ጠጠሩን በተረከዜ ገፋ ገፋ አደረግኩት። ጠጠሩ ከዳኝ። እግሬ ሰመጠና ከስሩ የሚቀዘቅዝ ነገር ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። ውኃ ነው። ስደነግጥ ሜትሩ ከእጄ አምልጦ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ባለኝ ድምፅ ሁሉ ውኃ ብዬ ጮህኩ። ማንም አልመለሰም። ደግሜ ጮህኩ። ውኃው ወደ ባቴ እየወጣ ነው። አሁን ሳስበው ፍጥነቱ ያን ያህል አልነበረም፤ ያኔ ግን ስለ ፍጥነት የሚያስብ ልብ አልነበረኝም። ግድግዳው ሲርስ አሸዋው ቢናድስ እያልኩ ነበር የማስበው። ገመዱን ሳብ ሳብ አደረግኩት። በመጨረሻ የእትዬ ዘሐራ ራስ በዚያች ክብ ሰማይ ላይ ብቅ አለ።

«እትዬ ዘሐራ፣ ውኃ!» አልኩ።

«እሺ የኔ ልጅ፣ መጣሁ» ብለው ሄዱ።

ተመልሰው መጡ፤ በገመድ የታሰረ ባልዲ ወረደ። ባልዲው ውስጥ ክዳን ያለው ጆግ አለ። ጆጉ ውስጥ ቀዝቃዛ የመጠጥ ውኃ አለ። የጠማኝ መስሏቸው ነው፤ በዚያ ሙቀት ውኃ ያለ ሰው ሁሉ ጠምቶት ነው። እግሬ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ እጄ ላይ የሰዎች ደግነት ተቀምጦ፣ ጥቂት ጊዜ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። እንዳላስቀይማቸው አንድ ጉንጭ ጠጣሁላቸው። ከዚያ የቀረውን ደፍቼ ጆጉን ከእግሬ ስር በጭቃ ውኃ ሞላሁትና ገመዱን ነቀነቅኩ።

ጆጉ ላይ ሲደርስ ሩጫ ሰማሁ። ክቧ ሰማይ በራስ ተሞልታ ጨለመች። የአልማዝ ድምፅ ስሜን ጠራ። እኔም ጉልበቴ ደርሷል፣ ጉልበቴ ድረስ ነው እያልኩ ጮህኩ። ያን ጊዜ ከሁሉም በላይ ሆኖ የጋሽ ሰይድ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ ለጥናት የሚጠይቅ ሰው ይመስል፣ ወደ ታች መጣ።

«በሜትር ስንት ይሆናል?»

ሜትሩ ከእግሬ ስር ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ከጉልበትና ከጭን ሌላ የማውቀው ልኬት አልነበረኝም። ጭኔ ጋ እየመጣ ነው ስል ገመዱ ተወጠረ። ጎረምሶቹም፣ ደምሴም፣ አልማዝም፣ እትዬ ዘሐራም ሳቡ። ጋሽ ሰይድ ጃንጥላቸውን ጥለው ገመዱ ላይ መጡ ይላሉ፤ እኔ አላየሁም፣ ግን ስወጣ መጀመሪያ የያዘኝ እጅ የሳቸው ነበር። እንደዚያ ጭቃ ሆኜ ወደ ነጭ ጀለቢያቸው ሳቡኝና አቅፈው አቆዩኝ። አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ደጋግመው። ሲያቅፉኝ ቀና ብለው ነበር፤ ያኔ ነው በውነት ምን ያህል ረጅም እንደሆኑ ያወቅኩት።

ያቺ የመጨረሻዋ ቁራጭ ሙሉ ትሁን ወይስ ግማሽ የሚለው ነገር እንዳልተቋጨ ደምሴ በቀስታ አስታወሰ። ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ አዩና፣ ቆሞባት የነበረው እሱ ነው፣ እሱ ይፍረድ አሉ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሙሉ ናት አልኩ። ከታች ሆነው ላዩዋት ከሙሉም ትበልጣለች። ደምሴ ተደስቶ ለመሄድ ሲነሳ፣ ገና ሳልደርቅ፣ አንድ ገመድ አምጥቶ እጄን እንድሰቅል ለመነኝ። ለማስታወሻ መስሎኝ ሰቀልኩለት። ለክቶ፣ ቋጠሮ አስሮ፣ ወደ ኪሱ ከተተው።

ውኃው ትንሽ ጨው ጨው ይላል፤ ለልብስና ለዕቃ ግን ፍጹም ነው፤ ሁለቱም ቤት ይቀዳል። ጋሽ ሰይድ በሱቄ ሲያልፉ ጃንጥላውን ከፍ አድርገው እንዴት አደርክ ይሉኛል። ስንት ቁመት ወይም ስንት ሜትር እንደሆነ ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ የማላውቀው ሰው ሱቄ በር ላይ ቆመ። ከካራቆሬ በሚኒባስ መምጣቱን ነገረኝ። ጨርቅ ሊገዛ መስሎኝ ሜትሬን አነሳሁ። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ሊያስቆፍር መሆኑን፣ ቆፋሪው ደምሴ የሚባል ሰው መሆኑን፣ ውሉም በሮቢት ጨርቅ ነጋዴ ቁመት እንደተባለ፣ ባለ ቋጠሮ ገመድ እንዳሳየው፣ እሱ ግን ዋናውን ሳያይ እንደማይፈርም ተናገረ። ከጠረጴዛው ጀርባ እንድወጣ ጠየቀኝ። ወጣሁ። ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ በጎን ዞሮም አየኝ።

«ሌላ የለም?» አለኝ በመጨረሻ።

የለም አልኩት። አመስግኖ ሄደ። በመንገዱ ማዶ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ እያየሁት ሳለ እግሬን ደከመኝና ወደ ታች ተመለከትኩ። ለካ ከጠረጴዛው ጀርባ ከወጣሁበት ጊዜ ጀምሮ የቆምኩት በእግሬ ጣቶች ጫፍ ነው፤ ተረከዜ መሬት አልነካም ነበር።